ጥንታዊ ጠርሙስና ብርሌ ከፎርጅዱ የሚለይበት ዝርዝር መመሪያ

ከአንኮበር፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ በስልክ ፎቶ እየተላከልኝ «ይሄ የጥንት ነው?» የምባለው ጠርሙስ ብዙ ነው። አብዛኛው አዲስ ነው፤ ጥያቄውም የሚመጣው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። ገዢዎቹ ማየት አቅቷቸው አይደለም፤ የሚያዩበት ቅደም ተከተል ተገልብጦባቸው ነው። መጀመሪያ «ከሣህለ ሥላሴ ግቢ የወጣ» የሚለውን ወሬ ይሰማሉ (ሣህለ ሥላሴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የነገሡ የሸዋ ንጉሥ ናቸው)፣ ቀጥለው ቀለሙን ያያሉ፣ ከዚያ አቧራውን። መቀመጫውን የሚገለብጡት ቤት ሲደርሱ ነው።

እዚህ ከታች ወደ ላይ ነው የምናነበው፤ ወሬው መጨረሻ ይመጣል። ደረጃ አትዝለሉ። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ፦ አንድ ምልክት ብቻውን ጠርሙስን ጥንታዊ አያደርገውም፤ አዲስ መሆኑን ለማረጋገጥ ግን አንድ ምልክት ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ ስትፈትሹ የምትፈልጉት «አይደለም» የሚያሰኘውን ነው።

ደረጃ 1፦ ከቤት ስትወጡ የምትይዙት

ማጉያ መነጽር ያዙ፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ቢሆን ጥሩ ነው። ከሌለ የስልክ ካሜራ ጠጋ ተደርጎ ይሠራል። ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ነጭ ወረቀት፣ ጥቂት ጥጥ፣ በሃይላንድ ንጹሕ ውኃ፣ ወፍራም ጨርቅ። ሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበትን ሐምራዊ መብራት በእጅ የሚያዘውን ዓይነት ብታገኙ ትልቅ ነገር ነው።

ጠርሙሱን ከሻጩ እጅ በእጃችሁ አትቀበሉ። ጨርቁን መሬት ላይ ዘርጉና እዚያ ላይ ያስቀምጡት፤ ከዚያ እናንተ አንሱት። በሁለት እጅ መካከል የወደቀ ብርሌ ዕዳው የማን እንደሆነ ሲያከራክር አይቻለሁ።

ውስጡ ጭላጭ ወይም ዱቄት ካለ አታሽቱ፣ ጣትም አታስገቡ። ትንንሹ ብልቃጥ የመድኃኒት፣ ትልቁ ደግሞ የተባይ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ የቢራ ጠርሙስ አንብቡ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይንቀዋል፤ የሚሳሳተውም የናቀው ነው። አዲስ የማሽን ጠርሙስ ምን እንደሚመስል ጣታችሁ ካላወቀ አሮጌው ምን እንደጎደለው አይገባችሁም።

ባዶ የቢራ ጠርሙስ ውሰዱ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህ አይቸግርም። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ሆዱ ላይ በአግድም ጎትቱ። አንድ ቦታ ላይ ጥፍሩ ቀጭን ሰንበር ይነካል። ስፌቱ እሱ ነው፤ የቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሾች የገጠሙበት መስመር። አሁን ስፌቱን ተከትላችሁ ወደ ላይ ውጡ፦ ትከሻውን፣ አንገቱን፣ ከዚያ ቆርኪው የሚይዝበትን ከንፈር። መስመሩ እስከ አፉ ጫፍ ይዘልቃል። ገልብጡትና መቀመጫውን እዩ፤ ዙሪያውን ደቃቅ ነጠብጣቦች ወይም ጭረቶች ተሰልፈው ታገኛላችሁ። ጠርሙሱ በፋብሪካው ማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ሲሄድ እንዳይጎዳ የተደረጉ ናቸው።

ይህን አሥር ጊዜ ደጋግሙት። ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ስፌቱን ማግኘት ስትችሉ ወደ ገበያ ውጡ።

ደረጃ 3፦ መቀመጫው

ጠርሙሱን በጨርቁ ላይ አጋድሙትና ባትሪውን ከጎን አብሩበት። ከፊት ለፊት የበራ ብርሃን ጠባሳን ይደብቃል፤ ከጎን የመጣው ጥላ ያወጣዋል።

*የመያዣ ብረት ጠባሳ።* ብርጭቆ ነፊው አፉን ለማበጀት ጠርሙሱን ከታች በብረት ዘንግ ያጣብቀዋል፤ ሲላቀቅ መሐሉ ላይ ሻካራ፣ አንዳንዴም እጅ የሚቆርጥ ቁስል ይቀራል። በተራ የአውሮፓና የአሜሪካ ጠርሙስ ላይ ይህ ጠባሳ የሚገኘው በአብዛኛው እስከ እ.ኤ.አ. 1860ዎቹ ነው። ነገር ግን በእጅ የሚነፋ ብርጭቆ ዛሬም አለ፤ ዛሬ የተነፋውም ያው ጠባሳ አለው። ስለዚህ ጠባሳ ስታገኙ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ገንዘብ አታውጡ።

*ጠባሳ የሚመስለው የማሽን ክብ።* ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ማይክል ኦዌንስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. 1904 የፈጠራ መብት ያገኘበት ማሽን የቀለጠውን ብርጭቆ ከታች ስቦ ይቆርጠው ነበር። የተቆረጠበት ቦታ መቀመጫው ላይ ቀጭን ክብ መስመር ይተዋል፤ ጠርዙ እንደ ላባ የተበጣጠሰ፣ ብዙ ጊዜም ከመሐል ያፈነገጠ ነው። ልዩነቱን በጥፍር ፈትኑት፦ የመያዣ ብረት ጠባሳ ሻክሮ ይቧጭራል፣ የማሽኑ ክብ ግን ጥፍሩ ውስጡ ገብቶ የሚሄድበት ጠባብ ቦይ ነው። ይህ ክብ ያለው ጠርሙስ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣርማ በር መንገድ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የሣህለ ሥላሴ ሊሆን ግን አይችልም።

*የነጠብጣብ ቀለበት።* ደረጃ 2 ላይ ያያችሁት ዓይነት ከሆነ ሥራው አለቀ። አዲስ ነው።

*የመቀመጥ ጭረት።* ማጉያውን አውጡ። መደብና ጠረጴዛ ላይ ለዘመናት ሲነሣ ሲቀመጥ የኖረ ጠርሙስ መሬት የሚነካው ቀለበቱ ብቻ ይደክማል። ጭረቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተበተነ ነው፤ አንዱ ጥልቅ፣ ሌላው ስስ፣ አዲሱ በአሮጌው ላይ የተደራረበ። በአሸዋ ወረቀት የታሸ ከሆነ ጭረቶቹ እንደታረሰ ማሳ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ መሬት የማይነካው ጎድጓዳ ውስጥም ይገባሉ። ጎድጓዳው ውስጥ ጭረት ካያችሁ ማን እንደጫረው ጠይቁ።

*ጭረት ጨርሶ ከሌለ።* ወዲያው አትጣሉት። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም ተቀብሮ የኖረ ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬውን መዝግባችሁ ቀጥሉ።

ደረጃ 4፦ ስፌቱን ተከተሉ

ከተረከዙ ጀምሩ። ጥፍራችሁን በአግድም እየጎተታችሁ ጠርሙሱን አዙሩ። ስፌቱን ስታገኙ ወደ ላይ ተከተሉትና የት እንደሚያበቃ እዩ።

አፉ ጫፍ ላይ ከደረሰ የማሽን ሥራ ነው፤ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ወዲህ ማለት ነው። አንገቱ ላይ ወይም ከንፈሩ ሥር ከጠፋ አፉ በእጅ የተበጀ ነው፤ ይህ ዓይነቱ በብዛት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽና የ20ኛው መጀመሪያ ነው። ስፌት ጨርሶ ከሌለ ግን ሁለት መንገድ አለ። ወይ ያለ ቅርጽ ማውጫ በነጻ ተነፍቷል፣ ወይ ደግሞ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ እንዳለ ተሽከርክሯል። የተሽከረከረው ሆዱ ላይ እንደ ሸማ ክር የሳሱ አግድም መስመሮች አሉት። የወይን ጠጅ ጠርሙስ በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ ጀምሮ በብዛት ተሠርቷል። «ስፌት የለውም፣ ስለዚህ ሁለት መቶ ዓመቱ ነው» የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም፣ ወይ እንደማታውቁ ያውቃል።

*ስፌቱ ከጠፋባችሁ።* ጠርሙሱን ጥቁር ልብስ ፊት ያዙና ባትሪውን ከጎን አብሩ። አሁንም ካልታየ ደረቅ ጥጥ በቀስታ ሳቡበት፤ ጥጡ ሰንበሩ ላይ ይያዝና ክሩን ትቶ ያልፋል። አዳዲስ ማሽኖች አፉን በእሳት ስለሚያለሰልሱት ስፌቱ ጫፍ ላይ ሊደበዝዝ ይችላል፤ እንግዲህ ከንፈሩን በማጉያ ሳታዩ «ቆሟል» አትበሉ።

*ሁለተኛ ስፌት ካገኛችሁ።* ከዋናው አጠገብ የሚወላገድ ደብዛዛ መስመር ካለ ማሽኑ በሁለት ቅርጽ ማውጫ አሳልፎታል። የእጅ ሥራ አይደለም።

ደረጃ 5፦ አፉና ከንፈሩ

የቆርኪ ከንፈር ያለው ጠርሙስ እ.ኤ.አ. ከ1892 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ዊልያም ፔይንተር ቆርኪውን ያስመዘገበው በዚያ ዓመት ነው። የቡሽ አፍ ከሆነ ሥሩን እዩ። ነፊው በትኩስ ብርጭቆ ጥምጥም የጨመረው ከንፈር ከታቹ ትንሽ ፈስሶ አንገቱ ላይ ያርፋል፤ በሁሉም ጎን እኩል አይሆንም። በመሣሪያ የተጠማዘዘው ደግሞ ዙሪያውን ደቃቅ የክብ መስመር አለው።

የተሰበረ አፍ በሙጫ ተሞልቶ እንደሚሸጥ እወቁ። ደብረ ብርሃን ላይ ለዚህ ፍተሻ ብርዱ ራሱ ያግዛችኋል፦ ጠዋት ከንፈሩን ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት። ብርጭቆ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ሙጫ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ከዚያ በጥፍር ቀስ ብላችሁ መቱት። ብርጭቆው ይጮኻል፣ ሙጫው ድፍን ነው። የብር መፈተሻውን መብራት ጨለም ባለ ቦታ አብሩበት፤ ሙጫ ብዙ ጊዜ ከብርጭቆው በተለየ ቀለም ያበራል።

ደረጃ 6፦ ብርጭቆው ራሱ

ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሡና በቀስታ አሽከርክሩት። በእጅ የተነፋ ከሆነ ውፍረቱ ይለያያል፤ አንዱ ጎን ሳስቶ ሌላው ይወፍራል፣ ከኋላው ያለው ነገር ይንቀጠቀጣል። የአየር አረፋዎቹ የተለያየ መጠን አላቸው፤ አንገቱ አካባቢ ያሉት ወደ ላይ ተጎትተው ይረዝማሉ። በሁሉም ቦታ እኩል የተበተኑ፣ እኩል መጠን ያላቸው አረፋዎች ካያችሁ ለጌጥ ሆን ተብለው የተጨመሩ ናቸው።

ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን በተለይ ተጠንቀቁ። ብርጭቆን ቀለም አልባ ለማድረግ ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን ይጨመርበት ነበር፤ ያ ብርጭቆ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ስስ ወይን ጠጅ ይሆናል። ዛሬ ግን ጠርሙስን በጨረር በአጭር ጊዜ ወይን ጠጅ ማድረግ ይቻላል። በፀሐይ የተለወጠው ቀለም የለዘበ ነው፤ በጨረር የተለወጠው እንደ ጳጳስ ልብስ የጠለቀ ነው። የጠለቀ ወይን ጠጅ ካያችሁ ለቀለሙ ብላችሁ አንድ ብር አትጨምሩ።

ደረጃ 7፦ ጽሑፍና ቁጥር

እኛ አገር ልዩ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። መቀመጫው ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ ዓመተ ምሕረት አይደለም። ብዙ ጊዜ የቅርጽ ማውጫው ተራ ቁጥር ነው። ሆድ ወይም ምልክት ላይ ያለ ዓመት ደግሞ ብዙ ጊዜ ኩባንያው የተቋቋመበት ነው፤ የጆኒ ዎከር ጠርሙስ ላይ 1820 ስላያችሁ የዚያን ዘመን ጠርሙስ አልያዛችሁም። እውነተኛ ዓመት ብታገኙም በአውሮፓ አቆጣጠር ነውና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሱ።

በእንግሊዝኛ «ይህን ጠርሙስ መልሶ መሸጥ ወይም መጠቀም የፌዴራል ሕግ ይከለክላል» የሚል ጽሑፍ የአሜሪካ የአልኮል ጠርሙስ ነው፤ ያ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1964 ግዴታ ነበር። ሦስት ቀስቶች የሚዞሩበት ምልክት ካለ እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት አይደለም።

የወረቀት ምልክት ካለው የብር መፈተሻውን አብሩበት። አዲስ ወረቀት ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ያበራል፤ አሮጌ ወረቀት ደብዝዞ ይቀራል። ጠርሙሱ አሮጌ ሆኖ ወረቀቱ ብቻ አዲስ ሊሆንም ይችላልና ሁለቱን ለየብቻ ፍረዱ።

ደረጃ 8፦ ቆሻሻና ጉም

ቆሻሻ ዕድሜ አይደለም። አንዲት ጎረቤቴ ቁም ሳጥናቸው ላይ የጸበል ጠርሙስ ነበራቸው፤ ሁልጊዜ እንደ መስታወት የሚያበራ። ስለሚያበራ ብቻ አዲስ ነው ብዬ ሁለት ዓመት አለፍኩት። አንድ ቀን ጸበል ላቀብላቸው ስገለብጠው መዳፌን የመያዣ ብረት ጠባሳ ቧጨረኝ፤ ስፌት የለ፣ የመቀመጫው ቀለበት እንደ ወፍጮ ድንጋይ የደከመ። እኔ ሳላየው ያለፍኩት እትዬ በየሳምንቱ በአመድና በውኃ ስላጠቡት ነው።

መረሬ አፈር ውስጥ የቆየ ብርጭቆ ጉም ይለብሳል፤ ውኃው ከብርጭቆው ጨው ስቦ ያወጣና ላዩ ይበላል። አንዳንዴ እንደ ዘይት ጠብታ ኅብረ ቀለም ያሳያል። ፈትኑት፦ ጣታችሁን ውኃ ነክራችሁ ጉሙን ንኩ። እርጥብ ሳለ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። በቀለም የተረጨ ጉም እርጥብም ሆኖ ይታያል፣ ወይም በጥፍር ይላጣል። ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ፣ ጽሑፍ በሌለበት ጥግ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በጥጥ ሞክሩ፤ ቀለም ከሆነ ጥጡ ላይ ይወጣል።

*ጉሙ እርጥብም ደረቅም ሆኖ ጨርሶ ካልታየ* ዘይት ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። በሳሙና ውኃ አንድ ጥግ ጥረጉና ይድረቅ። የተደበቀው ይወጣል።

ደረጃ 9፦ ብርሌ ሲሆን

ብርሌን መለየት ከሌላው ጠርሙስ ይልቅ ይከብዳል፤ በእጅ የተነፋ አዲስም በእጅ የተነፋ አሮጌም ስላለ ስፌትና ጠባሳ ብቻውን አይፈርድም። እንግዲህ የኑሮውን ምልክት ፈልጉ። ሰው የሚይዘው አንገቱን ነው፣ የሚጠጣው ከከንፈሩ ነው፣ የሚያርፈው በመቀመጫው ነው። ከንፈሩን በጣት ጫፍ ዙሩት፤ ብዙ የተጠጣበት በአንድ ወገን ይለሰልሳል። ሆዱን ባትሪ ከታች አብርታችሁ ውስጡን እዩ፤ በጠጠርና በአሸዋ እየተናጠ የታጠበ ከሆነ ክብ ክብ የሚዞር ደቃቅ ጭረት ይኖረዋል። ውጪው ያረጀ፣ ውስጡ ድንግል የሆነ ብርሌ አጠራጣሪ ነው።

ከዚያ ስንጥቅ ፈልጉ። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የተባለው ለሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። አንገቱን በሁለት ጣት አንጠልጥላችሁ ሆዱን በጥፍር ምቱት። ጤነኛው ይንጫረራል፤ የነቃው ይታፈናል። ከታፈነ በስንጥቁ በኩል ብርሃን ሲያብረቀርቅ እስክታገኙት አዙሩት።

ደረጃ 10፦ አሁን ወሬውን ስሙ

እስካሁን ያያችሁት ከተስማማ ጠይቁ። «የማን ነበር?» አትበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ የንጉሥ ነው። «እማማ፣ ቤት ውስጥ ለምን ነበር የሚጠቀሙበት?» በሉ። «አባቴ ላምባ ይይዝበት ነበር፣ እኔ ዘይት አደረግሁበት» የሚል መልስ ከመቶ የቤተ መንግሥት ታሪክ ይበልጣል፤ ውስጡን ስታዩ የዘይቱ ቅሪት ካለ ደግሞ ይጸናል። ጠርሙሱ ከወሬው ጋር ከተስማማ እውነተኛ መሆኑን ለባለቤቲቱ ንገሯት። ባለማወቋ ተጠቅማችሁ በቆርቆሮ ዋጋ አትውሰዱባት።

አራት ቦታ ላይ እጃችሁን አንሱ። ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ ከተባለ አትግዙ። ከፍርስራሽ ወይም ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ከሆነ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ከአገር የሚወጣ ቅርስም ያለ ፈቃድ አይወጣም። የጦር ሜዳ በነበረ ቦታ ደግሞ ጠርሙስ ፍለጋ አትቆፍሩ፤ ያልፈነዳ ብረት ካያችሁ ሳትነኩ ለፖሊስ አመልክቱ።

ደረጃ 11፦ ቤት ሲደርስ

በዚያው ቀን አትጠቡት። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ያደረበትን ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ውስጥ መክተት በአንዴ ይሰነጥቀዋል። ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር፤ ከዚያ ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት ሳሙና፣ ታች ጨርቅ አንጥፋችሁ እጠቡት። ጉሙን በአሲድ ለማስለቀቅ አትሞክሩ፤ ብርጭቆ የሚበላ አሲድ አጥንትም ይበላል። ወረቀት ያለበትን ክፍል ውኃ አታስነኩ።

ሲደርቅ መቀመጫውን፣ ስፌቱ የሚያበቃበትንና ከንፈሩን ከጎን በበራ ብርሃን ፎቶ አንሡ። ለማንም ስትልኩ እነዚህን ሦስቱን ላኩ፤ ከፊት የተነሣ ሙሉ ጠርሙስ ብቻ አይቼ መልስ መስጠት አልችልም።